የመሪጌታው አሮጌ ኮምፒዩተሮች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚያልፈው መንገድ ላይ ባለችው በደምበጫ ከተማ የቅኔ መምህር የሆኑ አንድ መሪጌታ አሉ። ከቤታቸው የገባ እንግዳ ከአትሮንሱ አጠገብ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ባየ ጊዜ መደነቁ አይቀርም። ጎረቤቶቻቸው «ቆርቆሮ ለቃሚ» ይሏቸዋል፤ ነገር ግን እርሳቸው ከየጽሕፈት ቤቱ የተጣለውን የሚሰበስቡት ብረቱን ወደው ሳይሆን በውስጡ የቀረውን ጽሕፈት ፈልገው ነው።

የግእዝ ፊደል በዓለም ኮምፒዩተሮች ዘንድ የራሱን መለያ ቍጥር ያገኘው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ሦስተኛ እትም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ስፍራ እየሸሸጉ ይጽፉት ነበር። ያም ስፍራ ከ256 አይበልጥም፤ የእኛ 33 ፊደል ግን በ7 ተባዝቶ 231፥ ከ20 ዲቃሎችና ከ20 አኃዞች ጋራ 271 ይሆናልና በሁለትና በሦስት ሠንጠረዥ ይከፋፍሉት ነበር። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የተጻፈ ቅኔ በአዲስ ኮምፒዩተር ቢከፈት ሰሙም ወርቁም ጠፍቶ የባዕድ ፊደል ድብልቅልቅ ይሆናል። የቀድሞው መጻፊያ ያለበት የቀድሞው ኮምፒዩተር ግን አጥርቶ ያነበዋል።

ጥገናው ብራና ከመፋቅ የማያንስ ትዕግሥት ይጠይቃል። አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ ፈስሶ የመዳቡን መሥመር የበላውን ባትሪ ነቅለው ዝገቱን በአልኮል ያጥባሉ፤ ከዚያም መብራት እንዳይጠፋ እየጸለዩ ያስነሡታል። ጥቁሩ መስታወት ፊደል ባወጣ ጊዜ፥ መወድሱ እንደ ሞላለት ተማሪ ደስ ይላቸዋል። ደቀ መዝሙራቸውም ከመስታወቱ እያየ በእጁ ይገለብጣል።

የሚቈጫቸው የመጀመሪያው ነው። ሙያውን ገና ሳይለምዱ፥ ውስጡን ሳያነቡ ዲስኩን አጽድተው አዲስ ዊንዶውስ ጫኑበት። በማግስቱ ያመጣላቸው ዲያቆን መጥቶ «የኔታ፥ ዋሸራ የተማሩት የሟቹ መምህራችን ቅኔ አለበት» አላቸው። ቅኔ አንድ ጊዜ ተዘርፎ የማይደገም ነውና ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ዲያቆኑ በቃሉ ያስታወሰው ሁለት ጉባኤ ቃና ብቻ ነው፤ ከሁለተኛውም አንዱ ቤት ጐደለ።

ያ ኮምፒዩተር ዛሬም በደኅና ይሠራል፤ መሪጌታው ግን አይከፍቱትም። ሌላ የሚያመጣላቸው ሰው በመጣ ጊዜም ከዋጋው አስቀድመው የሚጠይቁት ማን ይጽፍበት እንደ ነበረ ነው።