ያልጠየቅሁት

ገንዘብ ቸግሮኝ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያደረግሁትን በድህነት እንዳላሳብብ ብዬ ነው። ሰሊጣችን ተሸጦ፣ ዕዳችን ተከፍሎ፣ እናቴን ከሽንፋ ባሕር ዳር ወስጄ በትንሽ ወጪ ለመመለስ ተነሣሁ። ትንሽ ማውጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ከገንዳ ውኃ ጎንደር፣ ከጎንደርም ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሕዝብ መኪና ሄድን። ስንቅ ይዘናል፤ ያደርነውም ዘመድ ቤት ነው። ጢስ ዓባይ በበጋ ስለሚሳሳ ተውነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ዛሬም ደግሜ ባደርገው አላፍርበትም።

የማፍረው በጀልባው ነው።

እናቴ የመጣችው ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ነበር። ገዳሙ ያለበት ዘጌ በጣና ደቡብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ የቡና ደን ነው፤ ገዳሙን በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ በትረ ማርያም እንደ መሠረቱት ይነገራል። ሰው ከሩቅ የሚመጣው መቅደሱን የከበቡትን ሥዕሎች ለማየት ነው። እናቴ ስለ ሥዕሎቹ አልሰማችም፤ የሰማችው በየወሩ በ16 የምትዘክራት ኪዳነ ምሕረት እዚያ እንዳለች ነው። ከቆላችን የተለቀመ ዕጣን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ስለት ነው አለችኝ። ስለ ምን እንደ ተሳለች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የዘጌ ጀልባ ዋጋ ሲነገረኝ በዛብኝ። በሐይቁ ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ቅርብ ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ክብራን ግን ሴት አያስገባም። ይህን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል በልቤ እርግጠኛ ነበርሁ ማለቴ አይደለም። ልጅ ሳለሁ የቆሎ ተማሪ የነበረ ጎረቤታችን የነገረኝ ነገር ስለሆነ፣ ምናልባት በሌላ ደሴት ይሆናል እያልሁ ራሴን አባብል ነበር። ባለጀልባው አጠገቤ ቆሞ አልጠየቅሁትም። ያልጠየቅሁትም መልሱን ስለምፈራው ነው። እንግዲህ አውቅ ነበር።

ብር ለማትረፍ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የፈለግሁት ሽንፋ ስመለስ ለጓደኞቼ «ይህችን ብቻ አውጥቼ እናቴን የጣና ገዳም አሳለምኋት» ማለት ነበር። ስንት እንደማወጣ ገና ሳንነሣ ወስኛለሁ፤ ከዚያ የሚያልፈው ሁሉ፣ ስለቷም ጭምር፣ ትርፍ ወጪ ሆኖ ታየኝ።

ደሴቱ ጋ ስንደርስ አንድ መነኩሴ በትሕትና «እናቴ፣ እርስዎ እዚህ ይቆዩን» አሏት። ጀልባው ውስጥ እንዳለች ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እጅ ነሣች። «ሥርዓት ነው» አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። ቋጠሮውንም ሰጠችኝ፦ «ገብርኤልም ያደርስልኛል»። ባለጀልባው አዝኖ፣ እንጦስ ኢየሱስ እዚሁ አጠገብ ነው፣ ሴትም ይገባል፣ ጥቂት ጨምርና ላድርሳቸው አለ። እናቴ «ተወው፣ ይበቃኛል» አለች። ተውሁት። ለቃሏ የታዘዝሁ መሰልሁ፤ የታዘዝሁት ግን ቃሏ ስለተመቸኝ ነው።

ወጥቼ ተሳለምሁ፤ ዕጣኑን ሰጠሁ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ተሣለው የክብራን ወንጌል ሲነገር ቆሜ ሰማሁ። ወርጄ ስመጣ እናቴ ፊቷ በርቶ «እስቲ ምን አየህ? አንድ ሳታስቀር ንገረኝ» አለች።

የምነግራት አጣሁ። ስወጣም ስወርድም ከዘጌ ዋጋ ስንት እንደ ተረፈኝ ሳሰላ ነበርና፣ ያየሁት ነገር በዓይኔ አልፎ ሄዷል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እንዳትገባ ማድረጌን፣ ሥርዓቱ ነው እያልሁ ለራሴ ላስረዳ እችል ይሆናል። ግን እኔም በእሷ ፈንታ አልገባሁም። እሷ በዓይኔ ለማየት ስትጠብቀኝ እኔ እዚያ አልነበርሁም።

ማታ ዘመዶቻችን ጠዋት ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ እንዳለ፣ በየብስም እንደሚኬድ፣ ዋጋውም እኔ ከከፈልሁት እጅግ እንደሚያንስ ነገሩን። አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ቁጥሬም ስለቷም ይሞሉ ነበር። አንድ ቀን ማደርም ይቻል ነበር። ካደርን ግን ክብራን የሄድነው በስሕተት እንደሆነ ማመን ሊኖርብኝ ነው። በማግሥቱ ተመለስን።

አሁን ጉልበቷ ደክሟል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ አይኬድበትም። ወሬው ሲነሣ ለጎረቤት «ልጄ አላወቀም እንጂ ዘጌ ያደርሰኝ ነበር» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። እስካሁን አልነገርኋትም። ላሳዝናት ስለማልፈልግ ነው እላለሁ፤ ይህም ከፊሉ እውነት ነው። ሌላው ከፊል ግን፣ በእሷ ዘንድ ያላወቀ ልጅ ሆኜ መቅረቱን ስለወደድሁት ነው።