ጥለቱ ወዴት ነው?

በዘይት ቀለም የሰው መልክ ሲሳል ከባዱ ፊቱ ነው ይባላል። እኔ ነጠላው ይብሳል ባይ ነኝ። ፊትስ ዓይኑና አፍንጫው ቦታ ቦታውን ከያዘ ዘመድ «እሱ ነው» ብሎ ይገላግላችኋል።

ባለፈው ዓመት ወንድሜና እህቴ ለእናታችን ሙት ዓመት እንድስላት አዘዙኝ። የተገኘው ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከአንገት በታች የለም። ስለዚህ እህቴን የእናታችንን ነጠላ አልብሼ መስኮት ዳር አስቀመጥኳት።

ነጭ ልብስ ነጭ አይደለም። ከቱቦው የወጣውን ነጭ እንዳለ የለቀለቀ ሰው የሚያገኘው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ጥላው ውስጥ ሰማያዊ አለ፣ ግራጫ አለ፣ ከቆዳዋ የተንጸባረቀ ቡናማም አለ። ንጹሕ ነጭ መጨረሻ ላይ፣ በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ ጠብ ይላል። ጋቢ አራት ድርብ ነውና እጥፋቱ ወፍራምና ክብ ነው፤ ነጠላ (ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት ድርብ ነው) ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲታጠፍም ሹል ይሆናል። ጨርቁ ከትከሻ ይንጠልጠል ከክርን ሳይለዩ እጥፋት መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ደግሞም የታችኛው ቀለም ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው የበዛ መሆን አለበት፤ አለዚያ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ዘይቱ ያቺው በጾም የምንጠጣት ተልባ ናት። የምትደርቀው ተንና ሳይሆን ከአየር ጋር እየተዋሐደች ስለሆነ ቀናት ትፈጃለች። ለጭቅጭቅ በቂ ጊዜ!

ጥለት ወደ ታች ለደስታ፣ ወደ ላይ ለሐዘን መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እህቴ ወደ ታች አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። እናታችን ግን ታላቅ ወንድማችን በ1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ ከቀረ ወዲህ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ እንዳዞረች ኖረች። ጎረቤት «ኧረ ይብቃሽ፣ አውርጂው» ቢላት አልሰማችም።

«ወደ ላይ አዙሪው» አልኳት እህቴን።

«እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል? ለሥዕሉ እንኳ ደስ ያላት ትምሰል እንጂ!»

ወንድሜም ደገፋት። «ሳሎኑን ለቅሶ ቤት ልታስመስለው ነው?»

በየሳሎናችን የተሰቀለ ሟች ሁሉ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። እንዲህ አይነት ሥዕል ለሌላ ሰው ስዬ አውቃለሁ፣ ክፍያውም አይከፋም። የገዛ እናቴን ግን ለብሳው በማታውቀው አለባበስ ልስላት አልቻልኩም።

በመጨረሻ እህቴ እያጉረመረመች አዞረችው። ጥለቱ ወይን ጠጅ ነበርና አገጯ ሥር ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ጣለ፤ ጉርድ ፎቶው ላይ የሌለ ቀለም ነው። እሱን ብቻ ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሥዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል። ወንድሜ ወደደው አልወደደው እስካሁን ትንፍሽ አላለም። ቡና ሲፈላ ግን ወንበሩን ወደዚያ አዙሮ ነው የሚቀመጠው።