ጾም ያዘዝንባት እህት

ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ኮልፌ ባለው አጥቢያችን ለብዙ ዓመታት በመዘምራን ኅብረት ያገለገለች እህት አለችን። ከአራት ዓመት በፊት ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት፤ ታክማ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ድካሙ ግን አልለቀቃትም። እሑድ መጥታ ደኅና ሰው መስላ ትዘምራለች፤ ሰኞና ማክሰኞ ጸጉሯን ማበጠር ያቅታታል። ሌሊቱን ተኝታ ስትነሣ እንዳልተኛ ሰው ናት። የደም ምርመራው ሁሉ ደኅና ነሽ ይላታል።

እኛም ያንን ወረቀት አምነን "የስንፍና መንፈስ ነው" አልን። የሦስት ቀን ጾምና ጸሎት አዘዝንባት። ታዘዘች። በሦስተኛው ቀን ግራና ቀኝ ደግፈን አቁመን ጸለይንላት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ ኤልያስ ወረቀት ጽፈን ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ለለመነው ነቢይ መልአኩ እንጎቻና ውኃ ነው ያቀረበለት፤ እንዲተኛ ትቶት እንደገና ቀስቅሶ አበላው። (አርባው ቀን የመጣው ከበላ በኋላ ነው።) ይህን እያወቅን ነው ያስጾምናት።

የሕመሙን ስም የነገረን እንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድሟ ነው። ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም ይባላል፤ ኤምኢ የሚሉትም አሉ። እዚህም አንድ ሐኪም ታሪኳን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ሌላ ሌላውን በሽታ ካጣራ በኋላ ይህንኑ አላት። ትልቁ ምልክቱ ከጥቂት ሥራ በኋላ የሚመጣው መውደቅ ነው፤ በርትቶ መሥራት ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ሪፖርት በዚያ አገር ብቻ ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰው እንደሚታመም ገምቷል፤ አብዛኛው ሕመሙ ምን እንደሆነ እንኳ አልተነገረውም። መኖሩን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለም።

ስለዚህ ታማሚዎችና ቤተ ሰቦቻቸው ራሳቸው ለምርምር ገንዘብ ይሰበስባሉ። ስኮትላንድ፣ ፐርዝ ከተማ ያለው ኤምኢ ሪሰርች ዩኬ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሮጦ፣ አንዷ ኬክ ሸጣ ትሰጣለች። በ2025 ደግሞ ዲኮድኤምኢ የተባለው ጥናት ከ15,000 በላይ ታማሚዎች በላኩት ምራቅ ላይ ተመሥርቶ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረ መል ስፍራዎችን አመለከተ። ይህን ስንነግራት አለቀሰች። "እንግዲህ ሰነፍ አልነበርኩም" አለችን። ምን ብለን እንመልስላት?

ለሽማግሌዎቻችን "የአንድ እሑድ መባ ለዚህ ምርምር እንስጥ" ብለን አቀረብን። ከመካከላቸው አንድ አባት "ፓስተር፣ ደጃችን ላይ የሚራብ እያለ ለፈረንጅ ላቦራቶሪ ብር እንልካለን?" አሉ። ጥያቄያቸው ከጭካኔ አልመጣም፤ ድኻ ሲያበሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

የመለስንላቸው ዘነበወርቅን በማስታወስ ነው። አለርት ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 የተመሠረተው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነው። ስሙ የተወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ በእርሱ ዘመን በሽታው በዘር የሚወርድ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። በአገራችንም ወገኑ እርግማን ነው ብሎ ያባረረው ሰው መጥቶ የተጠጋው እዚያው ዘነበወርቅ ነው። ዳቦና ፋሻ የሚሰጥማ ነበር፤ እነዚያ ግን በሽታው ራሱ እንዲጠና ሰጡ። ዛሬ ሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ለዚህ የደከሙት አገሮች ብዙ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙም የማይርቀው ያ ግቢ ግን አንዱ ነው።

አባታችን ዝም አሉ። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም፤ ገንዘብ ወደ ውጭ መላክም ቀላል አይደለም። ለጊዜው በውጭ ያሉትን የአጥቢያችንን ልጆች ባሉበት እንዲሰጡ ጠይቀናል፤ ሁለቱ ሰጥተዋል።

እህታችንን አሁን የምንጠይቃት አስቀድመን ደውለን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ጸሎቱን እንድናሳጥር የለመነችን ራሷ ናት፤ ድምፅ ያደክማታል። ባለፈው ሳምንት አሥር ደቂቃ ተቀመጥን። ስንነሣ እነዚያ አባት የያዙትን አጥሚት ከራስጌዋ አስቀመጡና መጋረጃውን ቀስ አድርገው ዘጉላት።