በቅዱስ ያዕቆብ ከተማ የምሽት ማዕድ

በኢየሩሳሌም በአርመኖች ሰፈር ያለውን የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ብዙዎቻችሁ ተሳልማችሁታል። የዘብዴዎስ ልጅ ሐዋርያው ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ ያረፈው በዚያ ሥፍራ እንደ ሆነ ትውፊት ያስረዳል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም መታሰቢያውን ሚያዝያ 17 ቀን ታከብራለች። የምዕራባውያን ትውፊት ደግሞ ሥጋው በመርከብ ተጭኖ እስከ እስጳንያ፣ ዛሬ ስፔን እስከምትባለው ሀገር ዳርቻ እንደ ደረሰ ይተርካል። በጋሊሲያ አውራጃ ያለችው ከተማ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ መባሏ ስለዚህ ነው፤ ሳንቲያጎ ማለት ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነውና። ስለ መቃብሩ ብዙ ተጽፏል፤ የእኛ ነገር ግን ተሳላሚው ደክሞ ከደረሰ በኋላ ስለሚቀርብለት ማዕድ ነው።

በዚያ ሀገር በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሕዝቡም ራቱን የሚበላው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው እንግዶቹን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰብስቦ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ይመራቸዋል። በየቤቱ ጥቂት ይቀምሳሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚበሉት ቆመው ነው። ይህ ጥቂት ምግብ ታፓ ይባላል፤ ትርጓሜውም ክዳን ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ዝንብና አቧራ እንዳይገባ በወይን ጽዋ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይደረግ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ ይላሉ።

እኔም በአውሮፓ ከሚኖሩ ምእመናን ጋር በአንድ ረቡዕ ምሽት ይህን ጉዞ ተከተልሁ። መሪያችን ጉዞውን የጀመረው ከካቴድራሉ አደባባይ ነበር። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1075 መሠረቱ የተጣለ ሲሆን፣ በአደባባዩ ሰሜን በኩል ንጉሥ ፈርዲናንድና ንግሥት ኢዛቤላ ለድኩማንና ለሕሙማን ተሳላሚዎች ያሠሩት ቤት ቆሟል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1501 ተጀመረ። ቤቱ ከ1954 ጀምሮ ባለጸጎች የሚያድሩበት ሆቴል ሆኗል፤ ሆኖም በየዕለቱ አስቀድመው ለደረሱ 10 ተሳላሚዎች ያለ ዋጋ ማዕድ የማቅረብ ልማድ በእኛም ዘመን ሲፈጸም ቆይቷል።

ከዚያ ሩዋ ዶ ፍራንኮ ወደተባለው ጠባብ መንገድ ገባን። ስሙ በዚያ ከሰፈሩት ፍራንኮች እንደ ወጣ ይነገራል፤ እኛ ፈረንጅ የምንለው ቃልም ሥሩ ከዚሁ ነው። በየደጃፉ ኦክቶፐስ የሚሉት ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ ተቀቅሎ በመቀስ ይቆረጣል፤ በእንጨት ሳሕን ላይ የወይራ ዘይት፣ ጨውና የተፈጨ ቀይ በርበሬ ተደርጎበት ይቀርባል። የሪቤሮ ወይንም በነጭ የሸክላ ጣሳ ይቀዳል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አንበላምና፣ ቀኑም ረቡዕ ነበርና፣ ለእኔ የሚሆነው በዘይት የተጠበሰው ትንሹ ቃሪያ ብቻ ሆነ። ብዙው አያቃጥልም፤ አንዳንዱ ግን በድንገት ይፋጃል። የቤቱ ባለቤት ጾም መሆኑን ከመሪያችን በሰማ ጊዜ ዳቦና የወይራ ፍሬ ጨምሮ አኖረልኝ፤ ለጨመረውም ዋጋ አልቆጠረም።

ያ ቃሪያ የፓድሮን ቃሪያ ይባላል። ፓድሮን የሐዋርያውን ሥጋ ያመጣችው መርከብ የታሰረችበት ነው የሚሉት ድንጋይ በቤተ ክርስቲያን መንበር ሥር የሚታይባት ከተማ ናት። ዘሩን ከአሜሪካ አምጥተው በአቅራቢያው በኤርቦን ገዳማቸው የተከሉት የፍራንሲስ ማኅበር መነኮሳት እንደ ሆኑ ይነገራል። የገዳም አትክልት ለመንገደኛ ሁሉ ማዕድ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያ መንገድ እንግዳ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ አልታየም። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና በካቴድራሉ ቤተ መዛግብት የሚጠበቀው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ የማደሪያ ባለቤቶችን አጥብቆ ይገሥጻል፤ መልካሙን ወይን አስቀምሰው ክፉውን የሚሸጡትን፣ የዋለ ያደረ ዓሣ የሚያቀርቡትን ይከስሳል። ፈተናው ዛሬም አላለፈም። የተሳላሚነት የምስክር ወረቀት ለመቀበል ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር የሄደው ሰውና ለመዝናናት የመጣው ጎብኚ በአንድ መደብ ፊት ይቆማሉ፤ ሻጩም ሁለቱን በአንድ ዓይን፣ ይኸውም በኪሳቸው መጠን ሊያያቸው ይችላል።

እንግዲህ ከዚያች ምሽት የምንማረው ይህ ይመስለኛል። ቅዱስ ሥፍራ ባለበት ሁሉ ገበያ አለ፤ ገበያውም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ደካማው መብላት አለበትና። የሚለየው የቤቱ ባለቤት የመንገደኛውን ድካምና ሥርዓት መጠየቁ ነው። ቁራሽ ዳቦና ጥቂት የወይራ ፍሬ ብዙ ወጪ አይደለም፤ የተሰጠው ግን ተጠይቆ ሳይሆን ታስቦ ነው። በዚህም ቅድስት ሀገር ደጅ የምንቀበል ሁሉ፣ ከሩቅ የመጣችው እናት ውኃ ከመለመኗ በፊት ልናስብላት ይገባናል። ተሳላሚዎችም በሰው ሀገር ማዕድ ስትቀርቡ ጾማችሁን ጠብቁ፤ በሚበላው ላይ ግን አትፍረዱ።

የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።