ክፍል ሁለት ስለሚባሉ ፊልሞች

ሰው የወደደውን ነገር ደግሞ ለማየት ይመኛል። ጥሩ ተረት የሰማ ሕፃን ተረቱ አለቀ ቢሉት እንኳ «ከዚያስ በኋላ?» ብሎ መጠየቁን አይተውም። ፊልም የሚሠሩ ኩባንያዎችም ይህን የልጅነት ጥያቄያችንን አጥብቀው ያውቁታል። ስለዚህ አንድ ፊልም ገበያ ባገኘ ቁጥር ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት፣ ክፍል አራት እየተባለ ይቀጥላል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ የሚነገር ነገር ሳይኖር የተጨመረ ተከታይ ራሱ መጥፎ ከመሆኑም በላይ የፊተኛውን ሥራ እንደሚያበላሽ ነው።

ለምሳሌ የማቀርበው «ጆውስ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ትርጓሜውም መንጋጋ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አራቱን ክፍሎች በአራት ምሽት ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ ተመለከትኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያው በ1975 የወጣ ሲሆን፣ ፒተር ቤንችሊ በ1974 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ያዘጋጀውም ስቲቨን ስፒልበርግ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሳለ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ሻርክ የተባለው ታላቅ ዓሣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ዋናተኞችን ይበላል። የፖሊስ አዛዡ ብሮዲ ባሕሩ ይዘጋ ሲል፣ ከንቲባው የበጋ እንግዶች ገንዘብ እንዳይቀር ብሎ እምቢ ይላል። በመጨረሻም አዛዡ፣ አንድ የባሕር ሊቅና አንድ ኃይለኛ ዓሣ አጥማጅ በአንዲት ጀልባ ሆነው አውሬውን ሊገድሉ ይወጣሉ።

ይህ ፊልም የተሠራው በብዙ ድካም ነው። በ55 ቀን ተነሥቶ ያልቃል የተባለው 159 ቀን ፈጀ። በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሰው ሠራሽ ሻርክ ጨዋማው ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር እየተበላሸ አስቸገረ። ስለዚህ ስፒልበርግ ዓሣውን ከማሳየት ይልቅ መምጣቱን ማሳየት ግድ ሆነበት። ቢጫ በርሜል በውሃው ላይ ሲጎተት፣ የጆን ዊልያምስ ሙዚቃም በሁለት ድምፅ ብቻ ጀምሮ እየፈጠነ ሲመጣ፣ ተመልካቹ ምንም ሳያይ ይፈራል። ዓሣው ደኅና አድርጎ የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ችግር ብልሃትን ወለደ ማለት ነው። ፊልሙም ሦስት የኦስካር ሽልማት አገኘ።

በ1978 ክፍል ሁለት ተከተለ። ስፒልበርግ በዚህ አልተመለሰም። ብሮዲን ሆኖ የሚጫወተው ሮይ ሻይደር ግን ከኩባንያው ጋር ውል ስለ ነበረበት ተመለሰ። እዚህም ብሮዲ ሻርክ መጥቷል ብሎ ይጮሃል፤ የከተማው ሹማምንትም አያምኑትም፤ ጭራሽ ከሥራው ያባርሩታል። ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች በፊተኛው ፊልም ያን ሁሉ ሞት በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ታሪኩ እንደገና እንዲጀመር ሲባል ብቻ የተማሩትን ሁሉ እንዲረሱ ተደረገ። የሆነ ሆኖ ይህ ክፍል ከሚቀጥሉት ሁለቱ የተሻለ ነው።

በ1983 የወጣው ክፍል ሦስት በልዩ መነጽር እንዲታይ የተዘጋጀ ነበር፤ ነገሮች ከመጋረጃው ወጥተው ወደ ተመልካቹ የሚመጡ እንዲመስሉ ተብሎ ነው። መነጽሩ በሌለበት በእኛ ቤት የቀረው ነገር ወደ ማንም የማይደርስ ውርወራ ብቻ ነበር። በ1987 በወጣው በክፍል አራት ደግሞ ብሮዲ ሞቷል። ባልቴቲቱ ባሕሩን ሸሽታ ወደ ባሃማስ ደሴቶች ስትሄድ ሻርኩ ቤተ ሰቡን ሊበቀል እዚያ ድረስ ይከተላታል። በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ያዩ የነበሩት አያቴ፣ «ለመሆኑ ዓሣም ደም ይመልሳል?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ የሚበልጥ ሂስ ከማንም አልሰማሁም። የሚያስገርመውም፣ በዚህ ፊልም የተጫወተው ማይክል ኬን በሌላ ፊልም ያገኘውን ኦስካር ለመቀበል ያልቻለው ይህንኑ ፊልም በመሥራት ላይ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? እንደ እኔ አስተያየት ተከታዮቹ የወረሱት ዓሣውን ነው እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። ዓሣን እንደገና መሥራት ይቻላል፤ በአንዲት ጀልባ የታሰሩ የሦስት ሰዎችን ጠብና ወዳጅነት ግን በገንዘብ መድገም አይቻልም። ገንዘብ ያወጡት ሰዎችም ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። የታወቀ ስም ትኬት ያሸጣልና፣ ተመልካቹ ፊልሙን የሚመዝነው ከከፈለ በኋላ ነው።

ነገር ግን ተከታይ ሁሉ ከንቱ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። «ዘ ጎድፋዘር» በ1972 ሲወጣ፣ ማይክል ኮርሊዮኔ የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ፣ በሚስቱ ፊት በር ሲዘጋ ያበቃል። በ1974 የወጣው ክፍል ሁለት ያን በር አልከፈተም። ከተዘጋው በር በስተጀርባ ያለው ሰው ወንድሙን እስኪያስገድል ድረስ ምን እንደ ሆነ አሳየ፤ ከዚያም ጋር የአባቱን ወጣትነት አጣምሮ አቀረበ። ይህም ተከታይ ሆኖ ሳለ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጥሩ ተከታይ የፊተኛውን መጨረሻ ያከብራል፤ መጥፎ ተከታይ ግን መጨረሻውን ይሽራል።

ይህ ሀሳብ በዚህ ዓመት በራሳችን ላይ ደረሰ። አምና የቴአትር ክበባችን በወላጆች ቀን ያሳየው የአንድ ንፉግ ነጋዴ ታሪክ አዳራሹን በሳቅ የሞላ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ነጋዴው ገንዘቡን በጎተራ ደብቆ አይጥ ከበላው በኋላ ተጸጽቶ ለጎረቤቶቹ ድግስ ሲደግስ ያበቃል። ዘንድሮ ብዙዎች ክፍል ሁለት እንሥራ አሉ። አንዱ ጓደኛዬም «ሕዝቡ የሚወደውን መስጠት ምን ነውር አለው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ወላጆቻችን ሥራቸውን ትተው የሚመጡት ሊደሰቱ ነውና። እኔ ግን እንዲህ ስል መለስኩ፤ «እንደገና እንዲያስቀን እንደገና ንፉግ ልናደርገው ነው። እንዲያ ከሆነ አምና የተጸጸተው ውሸቱን ነበር ማለት ነው።» ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረን በ9 ድምፅ ለ6 አዲስ ቴአትር እንዲሠራ ተወሰነ። በቀን በዘመድ ቤት እየሠራች ማታ የምትማር የአንዲት ልጅ ታሪክም ጻፍን።

እውነቱን ለመናገር ጭብጨባው ከአምናው ያነሰ ነበር። ክርክሩን የተሸነፉት ጓደኞቼም ይህን እስከ ዛሬ ያነሡብኛል። አንዳንድ ወላጆችም ሲወጡ «ያ ነጋዴ የት ገባ?» እያሉ ጠየቁን። እኔ ግን ይህን ጥያቄ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት፤ ነጋዴው በሰዎቹ ልብ ውስጥ ድግሱን እንደ ደገሰ ቀርቷልና።

እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን እንሄዳለን። ክበቡን የምትረከቡ ታናናሾቻችን ሆይ፤ ከእኛ ሥራ የወደዳችሁት ቢኖር አትድገሙት። የራሳችሁን ጀምሩ፤ ባለቀም ጊዜ አለቀ ለማለት ድፈሩ።