በሳነቴ አምባ የቀይ ቀበሮን መንገድ ተከትሎ

ከአዲስ አበባ በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ ቤተሰብ ዲንሾ ላይ አረፍ ማለቱ አይቀርም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ የደጋ አጋዘንም ብዙ ሳይለፉ ይታያል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን ሮቤንና ጎባን አልፎ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። መንገዱ የአስታውን ቁጥቋጦ ጨርሶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የሳነቴ አምባ ሲደርስ፣ እዚህም እዚያም ከቆመ ጅብራ በስተቀር ዛፍ የሚመስል ነገር የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለልጆችም ለአያቶችም ጋቢና ኮፍያ መያዝ ግድ ነው፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ባዶ የሚመስለው ሜዳ ከሥሩ በአይጥና በፍልፈል የተሞላ ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። የቀይ ቀበሮ ማዕድ ይኸው ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የዘረመል ምርመራ እንዳሳየው የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ቁጥሩ 500 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው።

ስለ አኗኗሩ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው፣ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪ የተባለ አርጀንቲናዊ ለዶክትሬት ጥናቱ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእነዚህ ተራሮች ላይ ባሳለፋቸው ዓመታት ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ማልዶ መነሳት፣ እያንዳንዱን ቀበሮ ለይቶ ማወቅ፣ የት እንደዋለ ካርታ ላይ ማስፈር፣ ማን እንደተወለደና ማን እንደሞተ መመዝገብ። ከዚህ ትዕግሥት የተገኘው ትምህርት ለወላጆች እንግዳ አይሆንም። ቀይ ቀበሮ ለአደን ብቻውን ይወጣል፤ ኑሮው ግን በቤተሰብ ነው። ማለዳና ማታ ተሰባስበው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ። በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው የቤቱ እመቤት ስትሆን፣ ቡችሎቹን የሚመግቡትና የሚጠብቁት ሁሉም ናቸው። ወንዶቹ ከተወለዱበት መንጋ እምብዛም አይወጡም፤ ከሴቶቹ ግን አንዳንዶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ሌላ ቤት ፍለጋ ይሄዳሉ።

ጥናቱ ገና እየተካሄደ ሳለ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የእብድ ውሻ በሽታ ገባና ተመራማሪው አንድ በአንድ የሚያውቃቸውን መንጋዎች ፈጀ። በሽታው የመጣው ከውሾች ነው። የባሌ እረኛ ከብቱን ከጅብና ከነብር የሚጠብቀው በውሻ ስለሆነ፣ ውሻ አታሳድር ማለት መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾችን መከተብ ጀመረ።

በ2003 በሽታው በወይብ ሸለቆ እንደገና ሲነሳ የዓመታት ካርታ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ቀበሮዎቹ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ የሚሻገሩት በጠባብ መተላለፊያዎች መሆኑ ስለታወቀ፣ ሁሉንም ማሳደድ ሳያስፈልግ በእነዚያ በሮች ዙሪያ የሚኖሩት መንጋዎች ተከተቡ። በመላው ባሌ ሊዛመት የነበረው ወረርሽኝም ተገታ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ማብላት ተጀምሯል።

ልጅዎ «እንስሳ ሲከተሉ መዋል ሥራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ይህን ይንገሩት።

ወደ ሳነቴ ሲወጡ ውሻ አይውሰዱ። መኪናውን ቀስ ብለው ይንዱ፣ የተረፈ ምግብ በመስኮት አይጣሉ፤ ቀበሮ ካዩም ባሉበት ቆመው ይመልከቱት። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ የዘንድሮውን ክትባት መውሰዱን ካርዱን አውጥተው ያረጋግጡ። የባሌን ቀበሮ የሚገድለው በሽታ በየሰፈራችን ልጆችንም ይገድላል።