በሕፃን እግር መሄድ

ልጁን የሚወድ ወላጅ ሁሉ ልጁን ደስ ለማሰኘት ይደክማል። ድካሙ ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆንበት ምክንያት ግን የልጁን ደስታ በራሱ ደስታ ስለሚለካው ነው። ትልቅ ሰው ወደ መናፈሻ ሲገባ የከፈለበትን ሁሉ አይቶ ለመውጣት ይቸኩላል። ሕፃን ግን የመግቢያ ዋጋ አያውቅም፤ ሰዓትም አይቈጥርም። ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ የወደድነው፥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ልጃችንን ይዘን አንድነት ፓርክን በጐበኘን ጊዜ ካየነው በመነሣት ነው።

አንድነት ፓርክ በአዲስ አበባ፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ሰፊ ስፍራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግብር ያበሉበት ታላቅ አዳራሽ፥ እንቁላል ቤት የሚባለው ሕንፃ፥ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶችና የልጆች መጫወቻ በዚያ ይገኛሉ። ግቢው በኮረብታ ላይ ስለሆነ ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ ለትንሽ እግር ቀላል መንገድ አይደለም።

ቀኑን ስንመርጥ እሑድን ትተን ቅዳሜን ያዝን። ልጃችን እሑድ ሥጋ ወደሙ ትቀበላለች፤ ለቈረበ ሰው፥ ሕፃንም ቢሆን፥ የዚያ ቀን ተገቢው ነገር ዕረፍትና ጸጥታ እንጂ ሩጫና ግፊያ አይደለም። በጾም ወራትም እንዲህ ያለውን ጉዞ ማዘግየት ይበጃል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወላጅና በፀሐይ የደከመ ልጅ አብረው ቢጓዙ ትዕግሥት ከሁለቱም ይርቃል።

ስንቃችን ውሃ፥ ዳቦ፥ ሙዝና ቅያሪ ልብስ ነበረ። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ ጉሮሮ ሊያንቁ ስለሚችሉ በቤት ቀሩ። የባለቤታችን እናት አንቀልባቸውን ይዘው መጡ። የስልክ ቍጥራችንንም በወረቀት ጽፈን በልጅቱ ኪስ ሰፋንበት። ከሁሉ በፊት ግን ማን በየትኛው ሰዓት እጇን እንደሚይዝ ተነጋገርን። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ፥ የ12 ዓመቱ ጌታ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄዱ፥ በሦስተኛውም ቀን በቤተ መቅደስ እንዳገኙት በወንጌል ተጽፏል። እነርሱ እንኳ በሕዝብ መካከል እንዲህ ከተጨነቁ፥ እኛ «እርሱ ይዟታል፥ እርሷ ይዛታለች» እየተባባልን እንዴት እንዝናናለን?

ከገባን በኋላ የሆነው ሁሉ ካሰብነው ተለየ። የልጃችንን ልብ የማረከው አንበሳው አልነበረም። ከመንገዱ ዳር አንድ የጉንዳን ሰልፍ አግኝታ ተቀመጠች። ሰልፉ እስኪያልቅ ልትጠብቅ ፈለገች፤ የጉንዳን ሰልፍም አያልቅም። ባለቤታችን «አንበሳው ሳይታይ ሊመሽ ነው» ብትል፥ እናቷ «ተዉአት እንጂ፤ ለእርሷ አንበሳዋ ይህ ነው» አሉን።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ፀሐዩ በረታ። ልጅቱ ከመጫወቻው አልወጣም ብላ በመሬት ላይ ተዘርግታ ጮኸች። በዙሪያችን ብዙ ሰው ቆሞ ነበርና አንድ መንገደኛ «አንዴ ቆንጠጥ ቢያደርጓት ዝም ትላለች» ብሎ መከረን። ብዙ ዓይን ባለበት ስፍራ የሚያለቅስ ልጅ የአባትን ክብር የነካ ይመስላል። አባትም የሚቈጣው ልጁ ስላጠፋ ሳይሆን ሰው ስላየው ነው። በዚህ ስሜት የተሰነዘረ እጅ ግን ተግሣጽ አይባልም፤ ልጅ የምትማርበት ምንም የለውምና። የሁለት ዓመት ልጅ ደክሞኛል፥ ርቦኛል፥ እንቅልፌ መጣ ለማለት ቃል ስለሚያንሳት በጩኸት ትናገራለች። እኛም ከሰዎቹ ፊት ዘወር ብለን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ውሃ ጠጣች፤ ሙዟንም በላች። ከዚያ አያቷ በአንቀልባ አዘሏትና ጥቂት እሹሩሩ እንዳሏት እንቅልፍ ወሰዳት።

እርሷ በተኛች ጊዜ እኛ በየተራ ገብተን የምኒልክን የግብር አዳራሽ አየን። በሺሕ የሚቈጠር ሰው የተስተናገደበትን ስፋት እየተመለከትን፥ ደስ ልታሰኛት ያመጣናት ልጅ ግን በውጭ በአያቷ ጀርባ ላይ እንደ ተኛች አሰብን። ያን ጊዜ ማን ለማን እንደ መጣ ግልጽ ሆነልን። አዳራሹ የእኛ ነበረ፤ የእርሷ ድርሻ ጉንዳኑ፥ ጥላውና የአያቷ ጀርባ ነበረ።

እንግዲህ ሕፃን ይዛችሁ የምትወጡ ወላጆች፥ በማለዳ ሂዱ፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ አሳዩ፤ ልጁ ሳይሰለች በፊት ተመለሱ። ሳይታይ የቀረው ነገር ለሌላ ጊዜ ይቈያል። የሕፃንነት ዘመን ግን አጭር ነው፤ ዛሬ በእርሱ እርምጃ ያልሄድን እንደ ሆነ ነገ በእኛ እርምጃ እንዲሄድ ልንጠይቀው እንዴት እንችላለን? እግዚአብሔርም ከእኛ ጋር የሚሄደው እንደ ኀይሉ ብዛት ሳይሆን እንደ ድካማችን መጠን ነው። ያንኑ ትዕግሥት ለልጆቻችን እንድናካፍል እርሱ ይርዳን፤ አሜን።